ከመሰረዣ የተረፈ

ፒያሳ፣ ጣሊያን ከሠራው ፎቅ ሥር፣ የዘይት በርሜል ካደረበት ጓዳ፣
ሦስት ነን፤ አራተኛችን እርጥበት ነው፣ ግድግዳ የሚልስ እንግዳ።
ሽባባው ጊታሩን ከልክ በታች ቃኝቶ፣
ክሩ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተንዘላዝሎ፣ ረግቦ፣ ተኝቶ፤
እንየው ከበሮውን አንዴ ይመታል።
ሁለተኛው እስኪመጣ
ሰው ቀበሌ ሄዶ፣ ተሰልፎ፣ «ነገ ና» ተብሎ ይመለሳል።

የፎቁ ባለቤት፣ ወይዘሮ አትጠገብ፣ ለኪራይ ወርደው
«ሰው ሞቶባችኋል?» አሉ፣ ነጠላቸውን ሊያዘቀዝቁ ተሰናድተው።
«ገና ነው» አላቸው እንየው።
«ስሙስ ምን ይባላል?» «ዱም ሜታል።»
«ድም ድም በሉት» አሉና ደረጃው ላይ ተቀመጡ፣
እስኪያልቅ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ኪራዩን ረስተው።

እኔ ባስ ነኝ። ከባስ በፊት
አቋቋም ቤት ነበርኩ፤ ሁለት ክረምት ተምሬ ሳልጨርስ የሸሸሁት።
መሪጌታ ይሉ ነበር፦ «ጽፋቱ ለማንም ይቀናል፣
ከበሮ ሲፈጥን ሰነፉም ከብልሁ እኩል ይዘላል፤
ሰው የሚለየው ዝግታው ላይ ነው፣
መቋሚያውን አንስቶ ሳያወርድ፣ መሐል ላይ፣ አየሩ ሲከብደው።»
ይቅር ይበሉኝ፣
ስለ እኛ የተናገሩ እየመሰለኝ ነው የማስታውሳቸው።

ድምፁን በምን ልንገራችሁ?
በገና ለምን ይነዝራል? ከክሩ ሥር በተሸጎጠች ቁራጭ ቆዳ።
እሷ ስትወጣ ዜማው ይጠራል፤ ጠርቶም ይቀራል፣ ሆድ የማያባባ፣ ባዳ።
የእኛ ቆዳ የተቀደደ ስፒከር ነው፣ ከአዘዞ ሚኒባስ የተነቀለ፣
ሽባባው በምላጭ ሦስት ቦታ የበጣው፣ ስለት እንዳለበት ሰው እየማለ።
ጊታሩ በዚያ ሲያልፍ የሚወጣው ድምፅ አይደለም፤
የጫነ መኪና ነው፣ በአንደኛ ማርሽ ሊማሊሞን ሲወጣ፤ አይፈጥን፣ አይቆም፤
ደረት ውስጥ ይገባል፣ ወንበር ይስባል፣
ስምህን አይጠይቅም፤ ጫማውን ያወልቃል።

መቅረጫችን የድሮ ቴፕ፤ ካሴቱም ከእናቴ ሳጥን ያገኘሁት፣
«ገዳሪፍ፣ ነሐሴ» ብሎ አንድ ሰው በሰማያዊ እስክሪብቶ የጻፈበት።
አጎቴ መልካሙ ፊደል አልቆጠረም፤ ደብዳቤውን በአፉ ነበር የሚልከው።
ላዩ ላይ ቀረጽንበት። ማን ያዳምጠዋል ብለን ነው።
የቴፑ መሰረዣ ግን ደክሞ ኖሯል።
ማታ ስንሰማው፣ የሽባባው የመጨረሻ ኖታ
እየሞተች፣ እየሞተች፣ እየሞተች፣
ከሥሯ፣ ከጉድጓድ እንደሚመጣ፦
«… ማሽላው ዘንድሮ ደህና ነው … ለቢተው ሁለት መቶ ብር … አደራ …»
እንየው ዱላውን ጣለ።

እናቴ «ስንቱ ቢተው!» አለችኝ።
ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ጠየቅሁ፦ አንዱ ሞቷል፣ አንዱ መተማ ነው፣
አንዱ ሽንኩርት እየመዘነ «እኔ ነኝ፣ አምጣ» አለ፤ እየሳቀ ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ፣ ኮምፒውተር በጀርባው ያዘለ፣
«ላጽዳላችሁ፤ ሽውሽውታው ይወጣል፣ ሰውዬውም አብሮ» አለ።
«ዕዳውስ የት ይገባል?» አልኩት።
ሻንጣውን ዘጋ።

አሥራ አንድ ቅጂ ወጣ፣ ከእጅ ወደ እጅ።
ከቅጂ ሲቀዳ ይብሱን ይደፈርሳል፣ እንደ አንገረብ በሐምሌ።
አንዱን ይርገዱ ወሰደች፣ ነርስ ናት፣ የሌሊት ተረኛ፦
«ሁሉም ቶሎ በይ ይለኛል፤ ይሄ ብቻ ነው የሚጠብቀኝ፣ እስክተኛ።»

ትናንት መሐል ላይ መብራት ሄደ።
ቴፑ ወዲያው አልቆመም፤ እየወፈረ፣ እየተጎተተ ወረደ።
በሕይወታችን እንደዚያ ተቃኝተን አናውቅም።
በጨለማው ሽባባው ሳቀ።
ሁለት መቶ ብር ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አራት ሃምሳ፣ እርጥበት እርጥበት የሚል።

ቢተው፣ የትኛውም ቢተው፣
ፒያሳ ነን፣ ከፎቁ ሥር።
አትሩጥ።
እንየው ገና አንዴ ነው የመታው።